ለእሸት የተሠራ ፍሬ

ሁለት የወሎ ማሽላ ፍሬዎች መዳፍ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። አንደኛው ሙሉ ነው። ከሥሩ ጠበብ ብሎ ይነሳና ከወገቡ ከፍ ሲል ይሰፋል፤ ቆዳው ውጥር ያለ ነው፤ ጥርስ ላይ ሲያደርጉት ቶሎ አይበገርም። ሁለተኛው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቆዳው ላላ ብሎ ተጨማዷል፤ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ፈርሶ ዱቄት ይሆናል። እህል ገዢ ይህን ሁለተኛውን ሲያይ «ዝናብ የከዳው ነው» ወይም «ሳይደርስ የታጨደ ነው» ብሎ ዋጋ ይቀንስበታል።

ፍሬውን ገልብጦ ሥሩን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ፍሬው ከዛላው ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ይህች ነጥብ የምትታየው ፍሬው ከእናት ተክሉ የሚቀበለውን ምግብ ጨርሶ መተላለፊያው ሲዘጋ ነው። ማሽላ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አንድ ፍሬ መድረሱን የሚያውቁት በእሷ ነው። ነጥቧ በሙሉው ፍሬ ላይ አለች፤ በስርጉዱም ላይ አለች። ስለዚህ ስርጉዱ ፍሬ ሳይደርስ የታጨደ አይደለም። ደርሷል፤ መልኩም ይኸው ነው። የወሎ ገበሬዎች ከሌላው ማሽላ ለይተው ስም አውጥተውለታል፤ አንዱን «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላውን «ማርጩቄ» ይሉታል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ስርጉድ ነው። እንዴት እንደሚፈጠር፣ ማን ጠብቆ እዚህ እንዳደረሰው፣ ለምንስ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር ሙያ እንደሚጠይቅ ቀርቦ ያየ ሰው በአንዲት ፍሬ ላይ የሰፈረውን ጥበብ ሳያደንቅ አያልፍም።

የወሎዋ ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ ይዘዋታል፤ መሐሉ የራያ ሜዳ ነው። ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች ከደጋው ሲወርዱ ደለል ያመጣሉ፤ የራያ ገበሬም ጎርፉን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ያውቅበታል። በዚህ ሜዳ ላይ የሰው ኑሮ የቆመው በማሽላ ነው። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ንፍሮው፣ ጠላው ከፍሬው ነው፤ አገዳው ለከብት ቀለብ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። ጥንቅሽ ደግሞ አገዳው ራሱ ይመጠጣል።

ማሽላ እዚህ አንድ እህል አይደለም። የበልጉ ዝናብ ከሰጠ ሚያዝያ ላይ ተዘርተው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሳ ላይ የሚቆዩ እንደ ደጋሊት ያሉ ዝርያዎች አሉ። ጅጉርቲ አለ። ለጠላ የሚመረጠው፣ ወፍ ብዙም የማይደፍረው ቀዩ ዘንጋዳ አለ። ሰማዩ ሲዘገይ ገበሬው ዘሩን ይቀይራል፤ ቶሎ የሚደርሰውን ያነሳል፤ እሱም ካልሆነ ወደ ጤፍ ይዞራል። አንድ ማሳ ውስጥ የተለያየ ቀለም፣ ቁመትና የዛላ ቅርጽ ያላቸው ማሽላዎች ተቀላቅለው ማየት የተለመደ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ዝብርቅርቅ ይመስላል። ባለማሳው ግን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ የቱ ለእንጀራ፣ የቱ ለቆሎ፣ የቱ ለእሸት እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ወደ ፍሬው ቅርጽ እንመለስ። የእህል ዘረመል የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ፍሬ ቅርጽ ብዙ የጻፉት በሩዝ ላይ ነው። ለዚህም ምክንያት አላቸው፤ የሩዝ ገበያ ቅርጽ ያያል፤ ረጅምና ቀጭኑ ሌላ ዋጋ፣ አጭርና ድቡልቡሉ ሌላ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የቻይና ተመራማሪዎች ጂ ኤስ 3 የተባለውን ጂን ለይተው አወጡ። ይህ ጂን የፍሬውን ርዝመት የሚገታ ነው። በረጃጅሞቹ ሩዞች ውስጥ የጂኑ መልእክት ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ መልእክቱ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ገቺው ሲጠፋ ፍሬው ይረዝማል። በማግስቱ ዓመት ጂ ደብሊው 2 ታወቀ። እሱ ደግሞ ስፋትን ይገታል፤ አንዲት ፊደል ስትጎድልበት ፍሬው ይሰፋል። ሰው ለሺህ ዓመታት በዓይኑ እየመረጠ ያቆየው ረጅምነትና ሰፊነት በአብዛኛው እንዲህ ያለ የገቺ መጥፋት ሆኖ ተገኘ።

የጂ ኤስ 3 አቻ በማሽላም ውስጥ አለ፤ ከፍሬው መጠንና ክብደት ጋር መያያዙም ታውቋል። ነገር ግን ሩዝና ማሽላ ቅርጻቸውን የሚያገኙበት መንገድ ይለያያል። የሩዝ ፍሬ የሚያድገው በሁለት ገለባዎች መካከል ተዘግቶ ነው። ገለባዎቹ ከፍሬው በፊት አድገው ይጠነክራሉ፤ ፍሬው እነሱ የተዉለትን ቦታ ይሞላል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ የሩዝን ቅርጽ የሚወስኑት ጂኖች ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ገለባው ላይ ነው። ሩዝ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የተጋገረ ዳቦ ነው ቢባል፣ ማሽላ ያለ ማውጫ ምጣድ ላይ የተነፋ ነው።

የወሎ ማሽላ ይህን በደንብ ያሳያል። ጃክ ሃርላንና ያን ደ ቬት እ.ኤ.አ. በ1972 የዓለምን ማሽላ በፍሬውና በቅርፊቱ መልክ ብቻ በአምስት ዋና ዘሮች ሲከፍሉት፣ አበባም ቅጠልም አላስፈለጋቸውም። በአንዱ ዘር ፍሬው በቅርፊቱ ተሸፍኖ ይቀራል። በሌላው ሲደርስ በተከፈቱት ቅርፊቶች መካከል ይጠማዘዛል። በሌላው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ጉብ ያለ ይሆናል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የበዛው፣ በወሎም የሚታወቀው ዱራ የተባለው ዘር ፍሬው ከሥሩ የሾለ፣ ከወገቡ በላይ የሰፋ ነው፤ ዛላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንገቱ ቆልመም ብሎ ወደ ታች ያያል። የዱራ ፍሬ ከቅርፊቱ ወጥቶ ተነፍቶ ይታያል። የሚይዘው ገለባ ስለሌለ ቅርጹን የሚሰጠው ከውስጥ የሚሞላው ነው። ውስጡ ሲለወጥ ውጩ ይናገራል። የወተት በጉንጬ ስርጉድ የሚነበበውም ለዚህ ነው።

ሁለቱን ፍሬዎች በምላጭ ለሁለት እንክፈላቸው። ከፍሬው ክብደት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ለጽንሱ የተሰነቀ ምግብ ነው። በሙሉው ፍሬ ውስጥ ይህ ስንቅ ሁለት መልክ አለው። ዳር ዳሩ ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ መሐሉ ነጭና ዱቄታማ ነው። ዳሩን የሚያጠነክረው ካፊሪን የሚባለው የማሽላ ፕሮቲን ከስታርቹ ጋር ተጣብቆ መኖሩ ነው። በስርጉዱ ፍሬ ውስጥ ግን ብርሃን የሚያሳልፈው ዳር የለም ማለት ይቻላል፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ ለስላሳና ዱቄታማ ነው። ካፊሪኑ ቀንሷል፤ ሌሎቹ ፕሮቲኖች በርክተዋል። ስንቁ ሙሉ በሙሉ ስላልታጨቀ ፍሬው በለጋነቱ በእርጥበት ተወጥሮ ይቆይና ሲደርቅ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህን የመሰለ ነገር ከማሽላ በፊት በአተር ላይ ታይቷል። ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናቱ ድቡልቡልና ጭምድድ አተሮችን አዳቅሎ፣ በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 ጭምድድ ፍሬ ቆጥሯል፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ጭምድዱ አተር ስታርቹ ያነሰ፣ ስኳሩ የበዛ እንደሆነ፣ በለጋነቱ ብዙ ውሃ ይዞ ሲደርቅ እንደሚኮማተር በኋላ ተረጋገጠ። የውርስ ሳይንስ ከተጀመረባቸው ባሕርያት አንዱ የፍሬ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹም የውስጡ ኬሚስትሪ ምስክር ነበር።

ወሎዎች የሚያውቁትን ፍሬ የዓለም ሳይንስ ያወቀው አሜሪካ ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ላይሲን የበዛበት ማሽላ ይፈልጉ ነበር። ላይሲን ሰውነታችን ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ማግኘት ያለበት የፕሮቲን ክፍል ነው። ካፊሪን ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ማሽላን ብቻ የሚበላ ሕፃን ሆዱ ቢሞላም ሰውነቱ የሚጎድልበት ከዚህ የተነሳ ነው። ማሽላ እንጀራን በሽሮ የሚበላ ሰው ጉድለቱን ከአተርና ከባቄላው ይሞላል፤ ሽሮ በሌለበት ቤት ግን ጉድለቱ ይቀራል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ 9,000 ገደማ ማሽላዎች ውስጥ ዱቄታማ የሆኑትን እየለዩ መረመሩ። እጅግ የላቀ ላይሲን የተገኘባቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። በመዝገቡ ላይ አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 ይባላሉ። ተራው ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ገደማ ላይሲን ሲኖረው እነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበራቸው። ፕሮቲናቸውም 15.7 እና 17.2 በመቶ ነበር፤ የተራው 12.7 ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ተሸናፊ ጂን፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይገለጥ ጂን መሆኑም ታወቀ፤ ኤች ኤል ተብሎ ተሰየመ። ፍሬዎቹም ስርጉድ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አክስቴል ኢትዮጵያ ውስጥ ማሽላ ለመሰብሰብ መጥቶ ነበር። የዓለማያ ኮሌጁ የማሽላ ተመራማሪ ብርሃነ ገብረኪዳን፣ ገቢሳ ኢጀታ የተባለውን ተማሪውን አስተዋወቀው፤ ወጣቱም በማሰባሰቡ ሥራ ረዳው። ገቢሳ ወደ ፐርዱ ሄዶ በአክስቴል ሥር ተማረ። በኋላ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ማሽላዎችን ያወጣውና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን የተቀበለው እሱ ነው። ከነዚያ ማሽላዎች አንዱ በኢትዮጵያ የተለቀቀው ጎብዬ በሚል ስም ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ የዚህን ስም ከተማ ያልፋል።

ብርሃነ ገብረኪዳንና ይልማ ከበደ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ባለማሳው መለሱት። የላብራቶሪው ሥራ ፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ ነግሯል። ገበሬውስ ይህን ፍሬ እንዴት ይይዘዋል? እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ የወሎ ገበሬዎች እነዚህን ማሽላዎች በስም ለይተው እንደሚያውቋቸው፣ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው እንደሚዘሯቸው፣ ዛላውንም በለጋነቱ ጠብሰው እንደሚበሉት አሳዩ። ጥበቡ ሙሉ ሆኖ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመምረጡን ሙያ እንይ። የማሽላ አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን ከጎረቤት አገዳ በነፋስ የሚመጣ የአበባ ዱቄትም ይደርሰዋል። ወተት በጉንጬ የሚዘራው በሌላ ማሽላ መሐል ስለሆነ ዙሪያው ሁሉ የባዕድ የአበባ ዱቄት ነው። ተሸናፊ ጂን ደግሞ ሲቀላቀል ይደበቃል። በዚህ ሁኔታ ዝርያው በጥቂት ዘመን ውስጥ ተውጦ መጥፋት ነበረበት። ከመጥፋት ያዳነው ራሱ ስርጉዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአበባ ዱቄት ወደ አበባው ሲደርስ ሁለት የወንድ ሕዋሳት ያመጣል። አንደኛው ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ጽንስ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከእናቲቱ ሁለት ኑክሊየሶች ጋር ተዋሕዶ ስንቁን ይሠራል። ስለዚህ በስንቁ ውስጥ ሁለት እጅ የእናት፣ አንድ እጅ የአባት ድርሻ አለ፤ የአባትየው ድርሻም በቀጣዩ ዓመት ሳይሆን እዚያው ዛላ ላይ ይታያል። በወተት በጉንጬ ዛላ ላይ የራሱ የአበባ ዱቄት ያረፈበት ፍሬ ሲደርቅ ይሰረጎዳል። የጎረቤቱ ያረፈበት ፍሬ ግን እዚያው፣ በዚያው ወቅት፣ ተሞልቶ ድፍን ይሆናል። ዲቃላው ፍሬ በስርጉዶች መሐል ተነፍቶ ራሱን ያጋልጣል።

ስለዚህ ለዘር የሚመርጥ ሰው ዛላውን አሽቶ ስርጉዱን ብቻ ካነሳ፣ ሳያውቀው የሜንዴልን ሥራ ጨርሶታል። ያነሳው እያንዳንዱ ፍሬ ጂኑን በሁለቱም ወገን የያዘ ነው፤ አንድም ዲቃላ አብሮ አይገባም። ድፍኑን ፍሬ ተሳስቶ የዘራ እንኳ ቢኖር በቀጣዩ ዓመት ያ አገዳ በሚያወጣው ዛላ ላይ ከአራት ፍሬ አንዱ ስርጉድ ሆኖ ይመለስለታል። አንድ ዛላ በመቶዎች የሚቆጠር ፍሬ ስላለው፣ ሜንዴል በገዳሙ አትክልት ቦታ የቆጠረውን ሦስት ለአንድ የወሎ ገበሬ በአንድ እጁ ይዞት ይቆማል። ዛሬ ዘር የሚያራቡ ድርጅቶች ተሸናፊ ጂን ያለበትን ፍሬ ከዲቃላው ለመለየት የዲ ኤን ኤ ምርመራ ያደርጋሉ። እዚህ መለያውን ፍሬው ራሱ በጎኑ ላይ ተሸክሞታል፤ የቀረው ዓይን ነው።

ዓይኑ ደግሞ የሠለጠነ ነው። የወሎ ሰው የዘር ማሽላ የሚመርጠው ከአውድማ ላይ ዘግኖ አይደለም። አገዳው ገና ቆሞ ሳለ በማሳው ውስጥ እየዞረ ዛላ ያያል፤ አንገቱን፣ የፍሬውን ቀለምና አቀማመጥ፣ አገዳው በተባይ መበሳት አለመበሳቱን ይመለከታል። የመረጠውን ለብቻው ይቆርጣል። ዘሩ ቤት ይገባና ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚወጣው ጢስ ነቀዝን ያርቃል፤ ጥላሸት ሲለብስ ማንም ለምግብ አይነካውም። ለእሸት የሚሆነው ዝርያም በዚሁ ሥርዓት ያልፋል። ነቀዝ ለስላሳውንና ዱቄታማውን ፍሬ ከጠንካራው አብልጦ ስለሚወድ፣ ወተት በጉንጬ ያለ ጢሱ ከመኸር እስከ ዘር ወቅት መድረሱ ያጠራጥራል። የምድጃውን ጢስና የጎተራውን ነገር የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ይህ ጂን እዚህ የደረሰው በማሳው ሰውና በምድጃዋ እመቤት የሁለት እጅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የመዝራቱን ሙያ እንይ። ወተት በጉንጬ ማሳውን አይሞላም። እዚህም እዚያም ጥቂት አገዳ ሆኖ በሌላው ማሽላ መሐል ይቆማል። ለስላሳ ፍሬ ወፍ ይጠራል፤ ግሪሳ የወረደበት ማሳ ምን እንደሚሆን የራያ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ያልዋለ የለም። ጣፋጩ ዛላ በብዙ ጠንካራ ዛላዎች መሐል ሲበተን ወፉም ተባዩም በአንድ ቦታ አያገኘውም። ቢጠፋ እንኳ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ የዓመቱ እንጀራ በሌላው ላይ ነው።

ከዚያ ጊዜው አለ። መስከረም ወጥቶ ወደ ጥቅምት ሲሻገር የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፤ የዘንድሮው አልታጨደም። ልጆች ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲጠብቁ ማሳ ላይ ይውላሉ። ወተት በጉንጬ የሚበላው ያኔ ነው። ፍሬው ወተቱን አልፎ መጠንከር ሲጀምር፣ ገና ሳይደርቅ፣ ዛላው ተቆርጦ እሳት ላይ ይዞራል። ቅርፊቱ ሲለበለብ በሁለት መዳፍ ይታሻል፤ እፍ ተብሎ ገለባው ይበራል፤ በመዳፍ ላይ የቀረው ትኩስ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። በዚያች ሳምንት ስርጉድ የሚባል ነገር የለም፤ ፍሬው ሙሉና ውጥር ነው። የሚሰረጎደው ለዘር የተተወው ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በዓመቱ ውስጥ ምግብ በሚያጥርበት ወር፣ ሽሮም ወጥም በሌለበት ማሳ ላይ፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ፣ ማሽላ ሊሰጥ ከሚችለው ፕሮቲን ሁሉ የተሻለው ይደርሰዋል። ገበሬው ላይሲንን በስሙ አላወቀውም። ጣዕሙን ግን አውቋል፤ የሚበላበትን ሰዓት አውቋል፤ ከማን ጋር እንደሚዘራ፣ ዘሩን በምን እንደሚለይ፣ የት እንደሚሰቅል አውቋል። ይህ ሁሉ ተገጣጥሞ አንድ ሥራ ነው፤ ከውስጡ አንዱ ቢጎድል ሥራው ይፈርሳል።

የሳይንሱ ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1973 በኋላ የሞከረው ሌላ ነበር። ጂኑን ከስርጉዱ ፍሬ አውጥቶ ሙሉና ጠንካራ በሆነ፣ ምርቱ ከፍ ባለ ማሽላ ውስጥ ማስገባት ፈለገ። ምኞቱ መልካም ነበር፤ ከወሎ አልፎ ማሽላ የሚበላ ድሃ ሁሉ እንዲጠቀም ነው። ፐርዱ ላይ በኬሚካል ተነክቶ የተገኘ ሌላ ላይሲን የበዛበት ማሽላም ተሞከረ። ነገር ግን ውስጡን የሚያለሰልሰው ነገር ራሱ ፍሬውን ያቀለዋል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ወፍጮ ላይ ይፈርሳል፤ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይበላዋል። በኩንታል ሲመዘን ብዙ ጊዜ ከተራው አነሰ። ስለዚህ ኤች ኤል በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ፣ በዘር ገበያ ግን ቦታ ያላገኘ ጂን ሆኖ ቀረ።

እኔ በዚህ ውጤት ውስጥ የጂኑን ድክመት አላይም። ፍሬው የተመዘነው ባልተሠራለት ሰዓት ነው። ደረቅ እህል በሄክታር ስንት ኩንታል ሰጠ ተብሎ ለእንጀራ ማሽላ የሚቀርበው ጥያቄ ትክክል ነው። ለእሸት የተሠራን ፍሬ በዚያው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግን ትክክል አይደለም። ወተት በጉንጬን የሠሩት ሰዎች ደረቅ ክብደት አልጠየቁትም። የጠየቁት በጥቅምት መግቢያ ላይ ለስላሳና ጣፋጭ እንዲሆን ነው፤ የጠየቁትንም አግኝተዋል። የደረቀው ስርጉድ መልክ የዚህ ዋጋ ነው፤ ዋጋውንም ወደ ምልክትነት ለውጠው ዘር ለመለየት ተጠቀሙበት። በሙያ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ይህ ሥራ በየዓመቱ ካልተሠራ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 ድርቅ የዘር ማሽላ ሳይቀር በተበላበት ወቅት በወሎ ብዙ ዝርያ ከምድጃ በላይ ከተሰቀለበት ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል፣ በመላኩ ወረደ መሪነት፣ የሀገር ዝርያዎችን ሰብስቦ በቅዝቃዜ ከማቆየት አልፎ በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ማሳ ላይ መልሶ እንዲዘሩ ሠራ። መላኩ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ያራመደው ሐሳብ ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥም የሚኖረው ግን በሚያውቀው ሰው እጅ ነው የሚል ነበር። ወተት በጉንጬ ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ፍሬው አዲስ አበባ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠበስ፣ ከየትኛው ማሽላ ጋር እንደሚቀላቀል፣ የቱ ፍሬ ለዘር እንደሚነሳ የሚያውቀው እጅ ግን በማቀዝቀዣ አይቀመጥም።

ዛሬ በራያ ቆላ ዝናቡ እያጠረ ነው፤ ለብዙ ወራት ማሳ ላይ የሚቆዩት የሀገር ማሽላዎች ቦታቸውን ለቶሎ ደራሾቹ እየለቀቁ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ ባለው የሙከራ ማሳ ለዚህ ሜዳ የሚሆኑ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። ሆርማት፣ ጊራናና የጁ የተባሉት ማሽላዎች በአካባቢው ወንዝና አገር ስም ገበሬው እጅ ደርሰዋል። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቤተሰብን የሚያተርፈው ቶሎ የደረሰው ማሽላ ነው። ግን ማሳው ሁሉ በአንድ ቁመትና በአንድ ቀን በሚደርስ ማሽላ ሲሞላ፣ ለጥቂት የእሸት አገዳዎች የሚተወው ቦታ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽና የሚቻል ነገር ነው። የማሽላ ዝርያ ሲገመገም ከደረቁ ምርት ጎን የእሸቱ ዓምድ ይኑር፤ በስንተኛው ቀን እንደሚጠበስ፣ ጣዕሙ ምን እንደሚመስል፣ በዚያ ሰዓት ፕሮቲኑና ላይሲኑ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ተሸናፊውን ጂን የያዘ፣ አጭር ዝናብ የሚበቃው የእሸት ማሽላ ለራያ ማውጣት ለዛሬ አዳቃዮች ከባድ ሥራ አይደለም፤ ምልክቱ በዓይን የሚታይ፣ በአንድ ጂን የሚወረስ ነውና። ግምገማውንም ዘር ሲመርጡ የኖሩት የወሎ ሴቶችና ወንዶች ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ያድርጉት። በዚህ ፍሬ ላይ ከእነሱ በላይ የሠራ ባለሙያ የለምና።